ሦስት ጉልቻና ቀይ ባልዲ



በዚህ በካኩማ ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አገር ቤት ሥራህ ምን ነበር?» የሚል ነው። ነጋዴ የነበረ «ነጋዴ» ብሎ ይገላገላል፤ ገበሬውም እንዲሁ። እኛ ግን «መምህራን ነበርን» ካልን በኋላ «የት?» ስንባል «በጦር ሰፈር»፣ «ምን ታስተምሩ ነበር?» ስንባል ደግሞ «እሳት ማጥፋት» ብለን ስንመልስ፣ የጠየቀን ሰው ወይ ይስቃል ወይ ፊቱን ያጠቁራል። የሳቀውም ፊቱን ያጠቆረውም የየራሱ ምክንያት አለው። ይህችን ጽሑፍ የምናቀርበው ለሁለቱም ነው።

«እኛ» ስንል ሦስት ሰዎች ነን። ከአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በአንድ ዓመት ወጥተን፣ በአንድ ቦታ ሠርተን፣ በአንድ መንገድ የተሰደድን፣ ዕድሜያችንም በሠላሳዎቹ ውስጥ የሚገኝ መምህራን ነን። ብዕሩን የያዘው አንዱ ቢሆንም ነገሩ የሦስታችንም ስለሆነ «እኔ» ማለቱ አልከበደንም ለማለት አንችልም። ስለዚህ «እኛ» እያልን እንቀጥላለን።

ከኮሌጅ እንደወጣን ለጥቂት ዓመታት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ትምህርት አስተማርን። ደመወዛችን ወር አያደርስም ነበርና፣ በአንድ የጦር ሰፈር ለሲቪል አሠልጣኞች ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝግበን ተቀጠርን። የሰፈሩን ስም መጥራት አያስፈልግም። ከከተማ እሳት አደጋ በጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ ለስድስት ሳምንት አሠለጠኑን። የእኚህ ሰው አንገትና ግራ ጆሮ በቃጠሎ የተኮማተረ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እሳት አይጠላችሁም፣ አይወዳችሁምም። የሚፈልገው የሚበላውን ብቻ ነው። የሚበላውን ከወሰዳችሁበት ይሞታል።» ከዚያ ወዲህ በነገሩ ላይ ያነበብነው ሁሉ የዚህ ቃል ማብራሪያ ሆኖ ነው ያገኘነው።

የጦር ሰፈሩን ስንጎበኝ የእሳት መከላከያ ዕቃ አልጎደለም ነበር። በየሕንፃው በር «እሳት» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ቀይ ባልዲዎች ተሰቅለዋል። አሸዋ ሊኖርባቸው ሲገባ ግማሾቹ ባዶ፣ ግማሾቹ የሲጋራ ቁራጭ የሞላባቸው ነበሩ። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሮቹ ደግሞ እንዳይሰረቁ ተብሎ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉ በግምጃ ቤቱ ኃላፊ ኪስ ይኖራል፤ ኃላፊው ግን ቅዳሜና እሑድን ከተማ፣ ከቤተሰቡ ጋር ነው የሚያሳልፈው። የጉብኝት ቀን ሲደርስ ሲሊንደሮቹ ወጥተው በጨርቅ ይወለወላሉ፣ በሰልፍ ይደረደራሉ፤ ጎብኚው ሲሄድ ወደ ቁልፋቸው ይመለሳሉ። የግፊት መለኪያቸውን ስናይ የብዙዎቹ ቀስት ከአረንጓዴው ወርዶ ቀዩ ላይ ተኝቷል። አንደኛው ጓደኛችን «እዚህ ሰፈር እሳት ቀጠሮ ይዞ በሥራ ቀን መምጣት አለበት» ብሎ አሳቀን። ሳቃችን ግን የጥይት መጋዘኑን አጥር እስክናይ ድረስ ብቻ ቆየ። በአጥሩ ዙሪያ የደረቀው ሣር እስከ ወገብ ይደርስ ነበር።

ትምህርቱን የጀመርነው በጉልቻ ነው። በመጽሐፍ ያለው ሥዕል ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጎን የሚቀጣጠል ነገር፣ ሁለተኛው ሙቀት፣ ሦስተኛው በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን። ለገበሬ ልጅ ሦስት ማዕዘን ከሚስሉለት ጉልቻ ቢያስቀምጡለት ይሻላል አልን። ሦስት ድንጋይ አምጥተን ድስት ጣድን። «ከሦስቱ አንዱን ብናወጣ ምን ይሆናል?» ብለን ጠየቅን። «ድስቱ ይወድቃል» አሉ። እሳትም እንዲሁ ነው አልናቸው። ሣሩን ስታጭድ የሚበላውን ወሰድህበት፤ ውሃ ስታፈስበት ሙቀቱን ወሰድህበት፤ አሸዋ ወይም እርጥብ ጆንያ ስትደፋበት አየሩን ከለከልከው። ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን 21 በመቶ ያህል ነው፤ ወደ 16 በመቶ ሲወርድ አብዛኛው ነበልባል ይሞታል። እሳትን ለመግደል አየሩን ሁሉ ማስወጣት አያስፈልግም፤ ጥቂቱን መንሣት ይበቃል።

ቀጥለን እሳት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አሳየን። እንጨት፣ ጨርቅና ወረቀት በውሃ ይጠፋሉ። ቤንዚንና ናፍጣ ግን ከውሃ ስለሚቀሉ በላዩ ተንሳፍፈው እየነደዱ ይሄዳሉ፤ እነሱን የሚያፍናቸው አረፋ፣ ዱቄት ወይም አሸዋ ነው። የኤሌክትሪክ እሳት ላይ ማብሪያ ማጥፊያው ሳይዘጋ ውሃ የሚደፋ ሰው ራሱን ይገድላል። ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎቻችንን ያስደነገጣቸው የምግብ ዘይት ነው። በሜዳ ላይ በአሮጌ ብረት ድስት ዘይት አንድደን፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባሰርናት ጣሳ ጥቂት ውሃ ጨመርንበት። ነበልባሉ ከቤት ጣሪያ በላይ ተነሣ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ውሃው ከዘይቱ ሥር ሰምጦ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፤ ውሃ እንፋሎት ሲሆን ደግሞ ስፋቱ 1,700 ጊዜ ያህል ያድጋልና የነደደውን ዘይት አንሥቶ ይረጨዋል። በጦር ሜዳ የቆዩ ሰዎች ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ያየነው በዚያ ቀን ነው።

ሲሊንደር መያዝ ለወታደር አላስቸገረውም። ማገጃውን ንቀል፣ አነጣጥር፣ ጨብጥ፣ ጥረግ ብንለው ወዲያው ገባው። ያስቸገረው ዒላማው ነው። ሁሉም የሚያነጣጥረው የነበልባሉ አናት ላይ ነበር። «እሳት ጭንቅላት የለውም፤ እግሩን ምታው» እያልን ስንጮኽ ከረምን። አንድ መካከለኛ ሲሊንደር ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ባዶ ይሆናልና፣ አናቱን ሲመታ የቆየ ሰው ሥሩ ሳይነካ እጁ ባዶ ይቀራል።

እስከዚህ ያለው የሳይንስ መምህር ሥራ ነበር። ከዚህ በኋላ ያሉት ሁለት ትምህርቶች ግን ከወታደር ቤት ልማድ ጋር ተጋጩ።

የመጀመሪያው «ትንሽ እሳት ስታይ ትእዛዝ አትጠብቅ» የሚለው ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ ነው። እሳት በመጀመሪያዋ ደቂቃ በጫማ ትረገጣለች፤ ጥቂት ከቆየች ባልዲ ትጠይቃለች፤ ከዚያ ወዲያ የእሳት አደጋ መኪናም ላይበቃት ይችላል። አንድ በዕድሜ የገፉ ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አውጥተው «መምህር፣ ሳይታዘዝ ቦታውን ለቅቆ ባልዲ ያነሣ ወታደር ሲከሰስ ማን ይቆምለታል?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ ጸጥ አለ። «እኛ እንቆምለታለን» ብለን መለስን። ሃምሳ አለቃው ፈገግ ብለው ተቀመጡ።

ሁለተኛው ከዚያ የባሰ ነው። «እሳቱ ጥይቱን ከያዘ አትዋጋ፤ ሽሽ» የሚል ነው። ከሕፃንነቱ «የፈሪ ልጅ» እንዳይባል ሲጠነቀቅ ያደገ ጎልማሳ፣ የደንብ ልብስ ለብሶ «ሽሽ» ሲባል እንዴት ይሰማዋል? ስለዚህ በምክር ሳይሆን በታሪክ አስረዳን።

የአሜሪካ የባሕር ኃይል አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ «ፎረስታል» እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1967 በቬየትናም አጠገብ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ሳለች፣ አንድ ሮኬት በኤሌክትሪክ ብልሽት ሳይታሰብ ከአውሮፕላን ተወንጭፎ የሌላውን አውሮፕላን የነዳጅ ታንክ መታ። የመርከቧ የእሳት ቡድን አለቃ ጄራልድ ፋሪየር አንድ የእጅ ማጥፊያ ይዞ ቦምቡን ለማቀዝቀዝ ሮጠ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቦምቡ ፈነዳ፤ ፋሪየርንና ከሠለጠኑት ሠራተኞች የሚበዙትን ወሰደ። የቀሩት መርከበኞች ጀግኖች ነበሩ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አልተማሩም። አንዱ አረፋ ረጭቶ እሳቱን ሲያፍን፣ ሌላው በውሃ ቱቦ አረፋውን ጠርጎ እሳቱን እንደገና ክፍት አደረገው። በዚያን ቀን 134 ሰዎች ሞቱ። የባሕር ኃይሉ ከዚያ የተማረው እሳት ማጥፋት የጥቂት ባለሙያዎች ሥራ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ነው፤ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ ከሞቱ የሚቀረው ወጥ ቤቱም ጸሐፊውም ነውና ሁሉም ይማር ተባለ።

የሩቁ ካልበቃ የቅርቡም አለ። በናይጄሪያ ሌጎስ ከተማ በኢኬጃ የጦር ሰፈር እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 2002 የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ከሺህ በላይ ሰዎች አለቁ። ከእነሱ ብዙዎቹን የገደላቸው ፍንዳታው አይደለም። በጨለማ ሲሸሹ በውሃ አረም የተሸፈነ ቦይ ውስጥ ገብተው ሰጠሙ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። በኢኳቶሪያል ጊኒ ባታ ከተማ እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 2021 ከጦር ሰፈር የተነሣ ፍንዳታ ከመቶ በላይ ሰዎች ገደለ። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በሰጡት መግለጫ ምክንያቱ የፈንጂ አጠባበቅ ቸልተኝነትና በአካባቢው ገበሬዎች ማሳ ሲያቃጥሉ የተዛመተ እሳት መሆኑን ተናግረዋል። የእኛ ሰፈር የወገብ ሣር በዚህ ጊዜ ነው በአንድ ሳምንት ታጭዶ ያለቀው። የራሳችንም አለን፦ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ሌሊት በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ብዙ ሰው አልቋል። የ1977 ዓ.ም.ን ረሀብ ለዓለም ያሳየው የፎቶግራፍ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ክንዱን ያጣው፣ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይም የሞተው ያንን ቃጠሎ ለመቅረጽ በሄዱበት ነው። ከእሳቱ የተረፈ ሰው በፍንዳታው ይሞታል፤ ከፍንዳታው የተረፈ ደግሞ መውጫውን ካላወቀ ባሸሸው መንገድ ላይ ይሞታል። ስለዚህ «ሽሽ» ያልነው በደመ ነፍስ መሮጥን አይደለም። ወዴት እንደሚሸሽ፣ የት እንደሚሰበሰብ፣ ማን ማንን እንደሚቆጥር አስቀድሞ ማወቅን ነው።

ሃምሳ አለቃው የጠየቁን ጥያቄ ከሦስት ወር በኋላ በሥጋ መጣ። በወታደሮች ወጥ ቤት ዘይት ተጥዶ ሳለ ተቀጣጠለ። ወጥ ሠሪው ደንግጦ የውሃ ባልዲ አነሣ። በዚያው አጠገብ የውሃ ታንከሩን የሚጠብቅ አንድ ልጅ እግር ዘብ ነበር፤ የእኛ ተማሪ ነው። «ውሃ አይሆንም!» እያለ ሮጦ ገባና የምጣዱን አክምባሎ አንሥቶ ድስቱን ከደነበት፤ ከሥሩ የነበረውንም እንጨት በእግሩ ገፍትሮ አወጣ። እሳቱ ጠፋ። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ሣር ነበር፤ ከጀርባው ደግሞ የነዳጅ በርሜሎች ቆመው ነበር። ልጁ ግን የዘብ ቦታውን ያለ ፈቃድ ለቅቋል ተብሎ ለሦስት ቀን በፀሐይ የአሸዋ ከረጢት ተሸክሞ ሜዳውን እንዲዞር ተፈረደበት።

ሦስታችን ደብዳቤ ጻፍን። «እንቆምለታለን» ብለን ነበርና ቃላችንን አክብረን ሦስታችንም ፈረምን። አዛዡ አስጠሩን። ሻለቃው ቁጡ ሰው ሳይሆኑ አሳቢ ሰው ነበሩ። «መምህራን፣ የምትሉት ገብቶኛል» አሉን። «ነገር ግን ዘብ እሳት ባየ ቁጥር ቦታውን ይልቀቅ ብዬ ካዘዝኩ፣ ነገ ጠላት አንድ እስር ጭድ አቃጥሎ ዘቤን ሁሉ ያስነሣብኛል። ያን ጊዜ ማን ይጠየቃል?» ይህ ባዶ ቃል አልነበረም። «ሻለቃ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ነው፤ ልጁ ያደረገውም ልክ ነው። ደንቡ ሁለቱን የሚያስታርቅ ቢሆን ጥሩ ነው» አልን። ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ በየዘቡ አንገት ፊሽካ እንዲንጠለጠል ተወሰነ። ዘብ እሳት ካየ ቦታውን ሳይለቅ ፊሽካ ይነፋል፤ ፊሽካውን የሰማ ዘብ ያልሆነ ሰው ሁሉ፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን፣ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይሮጣል። የሲሊንደሮቹ ቁልፍ ቅጂም በተረኛ መኮንን ክፍል በመስተዋት ሣጥን ተሰቀለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ሦስተኛ ቀኑን እየጨረሰ ነበር። ቅጣቱ አልተሠረዘለትም። ከትከሻው ላይ ከረጢቱን ሲያወርድ ሄደን «በርታ» ብንለው «መምህር፣ ወጥ ቤቱ አልተቃጠለም አይደል?» ብሎ ጠየቀን። ከዚህ የበለጠ ፈተና ያለፈ ተማሪ አላየንም።

አሁን ፊቱን ወዳጠቆረው ሰው እንመለስ። እዚህ በአጠገባችን የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። ሥራችንን በነገርናቸው ጊዜ ቡናቸውን አስቀምጠው «የእኔን ቤት ያቃጠለው ወታደር ነው። እናንተ ለወታደር የእሳትን ጠባይ አስተማርን ትላላችሁ። ማጥፋቱን የተማረ ማንደዱንስ አልተማረም ትላላችሁ?» አሉን። ለአባባ በዚያ ቀን መልስ አልሰጠንም። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው የሚሰጥ ፈጣን መልስ የለም። እሳቸው ሲናገሩ ግን እኛ የምናስበው ስለ ተማሪዎቻችን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ከየክፍሉ በመኪና ተጭነው ሄዱ። የት እንደደረሱ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ምን እንደታዘዘና ምን እንደፈጸመ የምናውቀው ነገር የለም። አክምባሎ ያነሣው ልጅ ክብሪት እንዲለኩስ ታዝዞ ይሆን? ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣን የሚመጣብን ጥያቄ ይህ ነው።

ብዙ ካሰብን በኋላ ለአባባ የነገርናቸውን ለእናንተም እንነግራለን። ለማቃጠል ትምህርት አያስፈልግም። አንድ ክብሪትና አንድ ክፉ ልብ፣ ወይም አንድ ክብሪትና አንድ የሚፈራ ልብ ይበቃዋል። የአባባን ቤት ያቃጠለው ሰው ስለ ኦክሲጅን ማወቅ አላስፈለገውም። ትምህርት የሚጠይቀው ማጥፋቱ ነው፤ ልምምድ የሚጠይቀውም እሱ ነው። ወታደሩን «ትንሽ እሳት ስታይ ማንም ሳያዝህ አጥፋ» ብለን ስናስተምር፣ በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ ራስህ ወስን» ያለው ሰው አግኝቷል። ያንን ቃል በክፉ ቀን ያስታውሰው ወይም ይርሳው፣ በእጃችን የለም። አባባ ዝም ብለው ሰምተው «እንግዲያው እኛንም አስተምሩና» አሉን። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችን ይህች ቃል ናት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ስለ ሰፈራችን እንነጋገር። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲመሠረት ይህን ያህል ሰው ይኖርበታል ያለ አልነበረም። ዛሬ ግን ጭቃና ቆርቆሮው፣ ሸራና እንጨቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆሟል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለካምፕ አሠራር ባወጣው መመሪያ በሁለት ቤቶች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢቻል የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ በየ300 ሜትሩ ደግሞ 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መሬት መኖር አለበት። እስቲ ከቤታችሁ ወጥታችሁ እስከ ጎረቤት ግድግዳ በእርምጃ ለኩት። የቱርካና ነፋስ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲነሣ ፍም ተሸክሞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2020 በግሪክ ሌዝቦስ ደሴት የሞሪያ ካምፕ ሲቃጠል 12 ሺህ ያህል ስደተኛ ሜዳ ላይ ወድቋል። በመጋቢት 2021 በባንግላዴሽ ኮክስ ባዛር የሮሂንጋ ካምፕ ሲነድ 45 ሺህ ያህል ሰው መጠለያ አጥቷል። ሰደድ እሳት ስደተኛ ነው ብሎ አይራራም።

በክረምቱ መጨረሻ በእኛ ብሎክ አንድ መጠለያ ተቃጥሎ ነበር። ሰው አልሞተም። ነገር ግን ልጆቿን ካስወጣች በኋላ ተመልሳ የገባች እናት እጆቿ ተቃጥለዋል። ለምን ተመለሽ? ለወርቅ አይደለም። የራሽን ካርዱና የመመዝገቢያ ወረቀቱ ከፍራሹ ሥር ነበሩ። «እትዬ፣ ወረቀት ይተካል እኮ» ስንላት «አንተ ሆይ፣ እኔ ያለ ወረቀቱ ማን ነኝ?» አለችን። በጦር ሰፈር ሰውን ከእሳት ውስጥ ያስቀረው «አትሽሽ» የሚለው ክብር ነበር፤ እዚህ ሰውን ወደ እሳት የሚመልሰው ወረቀት ነው። ስለዚህ «ወረቀቱን ተዉት» ብሎ መምከር ብቻውን አይጠቅምም። ወረቀቶቻችሁን ሁሉ በአንድ ትንሽ ከረጢት ጠቅልላችሁ፣ በመውጫው በር አጠገብ በምስማር ስቀሉት። ልጅ ታቅፎ የሚወጣ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚያነሣው መሆን አለበት። ከተረሳ ግን ተረሳ፤ ከወጡ በኋላ መመለስ የለም።

የቀረውን በአጭሩ እንዘርዝር። ዘይት ሲቀጣጠል ውሃ አይነካካው፤ አክምባሎ ወይም ክዳን ክደኑበት፣ እሳቱን ከሥሩ አውጡ፣ እስኪበርድም ክዳኑን አትክፈቱ። ቤንዚን ከቤት አታስገቡ፤ ትነቱ ከአየር ይከብዳልና በወለል ላይ ሄዶ ከጎረቤት ምድጃ እሳት ይዞ ይመለሳል። ከሰል አቀጣጥላችሁ ቤት ዘግታችሁ አትተኙ፤ ጭስ ባይታይም የከሰሉ አየር ሽታ የሌለው መርዝ ነው፣ ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ቤተሰቦችን ታሪክ ሁላችንም ከአገር ቤት ይዘን መጥተናል። ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ ይተኛና ይንከባለል፣ የቆመው ሰው በጋቢ ወይም በጥጥ ብርድ ልብስ ይጠቅልለው፤ ናይሎን ግን ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለተቃጠለ አካል ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም፤ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ውሃ በራሽን ለሆነበት ሰፈር ይህ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ በየቤቱ አንድ ጀሪካን ለክፉ ቀን ሳይነካ ይቀመጥ።

ቀይ ባልዲ የሚገዛልን ድርጅት እስኪመጣ አንጠብቅ። የላጋው አሸዋ የማንም አይደለም፤ በነፃ ነው። ያረጀ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ አሸዋ ቢሞላ ባልዲ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ ሁለት ሁለት ይቀመጥ፤ የሲጋራ ቁራጭ የሚጥልበት ሰው ቢገኝ ሽማግሌዎች ይቅጡት። ፊሽካውን በተመለከተ ደግሞ ከእግር ኳስ ቡድናችን ሁለቱን ለመዋስ ተነጋግረናል። ሌሊት ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሲነፋ የሰማ ሁሉ፣ የማንም ጎሣ፣ የማንም ቋንቋ ቤት ይሁን፣ አሸዋ ይዞ ይሩጥ። በአጠገባችን የሚኖሩ የደቡብ ሱዳንና የሶማሊያ ወንድሞቻችንም እንዲሰሙ በየቋንቋቸው የሚያስረዳ ሰው ፈልገናል፤ አንድ የሶማልኛ ተናጋሪ አግኝተናል፣ የዲንካ ቋንቋ የሚችል ግን እስካሁን አልቀረበም።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀኑ በ10 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ትምህርቱ ይጀመራል። ሦስት ጉልቻ፣ አንድ አሮጌ ድስትና ጥቂት ዘይት አዘጋጅተናል። እናቶች ሕፃናቶቻችሁን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፤ ዘይቱ በሚነድበት ሰዓት ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። አባባ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ናቸው፤ ስማቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈዋል። ይህች መጽሔት በእጅ የተገለበጠችና ከአራት ቅጂ የማትበልጥ ስለሆነች፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉ፤ ከምድጃ አጠገብም አታኑሯት።

በቸር ይግጠመን።